ታፔላችሁን በኩፐር ብላክ መልክ ለመጻፍ

ደሴ ፒያሳ ሱቅ ልትከፍቱ ነው? የድሮ ለዛ ያለው ታፔላ ካማራችሁ ኩፐር ብላክ የሚባለውን የላቲን ፊደል ፎንት እዩት። ወፍራም ነው፣ ጫፉ ሁሉ ድቡልቡል ያለ። ኢዚጄት የሚባለው አየር መንገድ ስሙን የጻፈው በእሱ ነው።

የሠራው ቺካጎ ይሠራ የነበረው ኦስዋልድ ኩፐር ነው፤ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የፊደል አምራች በ1922 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ተሻሙበት። ተፎካካሪው ኩባንያ ሞኖታይፕም የፊደል ነዳፊውን ፍሬደሪክ ጋውዲን ተመሳሳዩን አሠራ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ፣ ተፍቆ የሚለጠፍ ፊደል ሲመጣ፣ ኩፐር ብላክ እንደገና ነገሠ።

ወደኛ ፊደል ስታመጡት የላቲኑን ጭራ፣ ማለትም በፊደሉ ጫፍ ላይ ወደ ጎን የሚወጣውን ትንሽ ጭረት፣ በ«ለ» እግር ላይ አትቀጥሉ፣ ያስጠላል። ውፍረቱንና ክብነቱን ብቻ ውሰዱ። እግሩ ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጠን ይበል፤ በመቃ ብዕር የጻፉ አባቶችም እንዲሁ ነው ያደረጉት፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙን የኢየሱስ ሞአ የብራና ወንጌል ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ፣ ከየትኛውም ፎንት በላይ ያስተምራል።

መጀመሪያ ቃሉን ወረቀት ላይ በእርሳስ በቀጭኑ ጻፉት። ቁመቱ 20 ሴንቲ ከሆነ የእግሩን ውፍረት ከ5 ሴንቲ አታሳልፉ። «ጠ» እና «ሐ» ሦስት እግር ስላላቸው ለነሱ 4 ይበቃል፣ አለበለዚያ ከጎረቤቶቻቸው ሰፍተው ይንዘረጠጣሉ። ከዚያ ማዕዘኑን ሁሉ አክብቡ፣ የእግሩን መርገጫ ሳይቀር፤ ክቡ ከመስመሩ ትንሽ ይለፍ፣ ልክ መስመሩ ላይ ካቆማችሁት ያጠረ ይመስላል።

ዋናው ጣጣ ቀለበቱ ነው። «ደሴ» ብላችሁ ጽፋችሁ የ«ሴ» ቀዳዳ በቀለም ከተደፈነ፣ መንገደኛው «ደሲ» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ቀለበቱን ከልማዱ አተልቁት፣ ውፍረቱን ደግሞ ቀንሱ፣ ቀዳዳው ቢያንስ አንድ ጣት ያስገባ። «ኮምቦልቻ» ላይ ደግሞ «ቦ»ን ተጠንቀቁ፤ ከ«በ» የሚለየው ቀኝ እግሩ ማጠሩ ብቻ ነው፣ በወፍራም ፊደል ላይ ትንሽ ልዩነት አይታይም፣ በደንብ ቁረጡት።

ፊደሎቹን አቀራርቧቸው። ኩፐር ብላክ ተራርቆ ሲጻፍ አያምርም። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከአስፋልቱ ማዶ ሆናችሁ አንብቡት፣ ቃሉን የማያውቅ ሰው ቢያነብላችሁ ደግሞ ይሻላል።

የሚያብረቀርቅ ከፈለጋችሁ ሌላ መልክ አለው፣ ኩፐር ሃይላይት፣ በፊደሉ ሆድ ውስጥ ቀጭን ነጭ መስመር ያለበት። ዋናው ቀለም በደንብ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ብሩሽ በግራ በኩል ብቻ ሳቡት። ቀለበቶቹ ላይ ግን አትሞክሩት፣ ቦታ የላቸውም።