ሩሶን ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰው ነፃ ሆኖ ይወለዳል፤ ግን በየቦታው በሰንሰለት ታስሯል።» የጄኔቫው ፈላስፋ ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ያሳተመው «ማኅበራዊ ውል» ውስጥ ያለች ዝነኛ ቃል ናት። የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ላይ መጽሐፉን ማጠፍ ነው። ጥቂት መስመር ወረድ ብንል ሩሶ «ሰንሰለቱን በጥሱ» አይልም። ከነፃነት ወደ ሰንሰለት የተደረገውን ይህን ለውጥ ተገቢ ሊያደርገው የሚችለው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

«ወደ ጫካ እንመለስ ብሏል» የሚሉም አሉ። አላለም። በ1755 ስለ ሰዎች አለመመጣጠን በጻፈው መጽሐፍ ራሱ ይህን ሐሳብ ውድቅ አድርጎታል።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ግን «የጋራ ፈቃድ»ን፣ ማለትም ሕዝቡ በአንድነት ለሁሉም የሚበጀውን የሚሻበትን ፈቃድ፣ ከብዙኃን ድምፅ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ሩሶ ድምፅ አይቆጠር አላለም። ቆጠራው ዋጋ የሚኖረው መራጩ ለራሱ የሚጠቅመውን ሳይሆን ለሁሉም የሚበጀውን ሲያስብ ነው ይላል። የጋራ ፈቃድ ከሁሉም የሚመነጭ፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚሠራ መሆን አለበት። ሉዓላዊው ሕዝብ እንኳ አንዱን ዜጋ ከሌላው አብልጦ የማስጨነቅ መብት የለውም። ስለዚህ «አሸንፈናል፣ የፈለግነውን እናደርጋለን» የሚል ፓርቲ ሩሶን ምስክር መጥራት አይችልም። «የሕዝቡ ፈቃድ እኔ ነኝ» የሚል መሪም እንዲሁ፤ ለሩሶ ሉዓላዊነት በውክልና አይተላለፍም። እንግሊዞችን እንኳ ነፃ የሚሆኑት የፓርላማ አባላት ሲመርጡ ብቻ ነው ብሎ ወቅሷቸዋል። ምርጫ ካለፈ በኋላ ድምፁ የማይሰማ ዜጋ ባለበት ሁሉ ይህ ወቀሳ ዛሬም ይሠራል።

ስለ ሀብት ያለውንም ዘልሎ ማለፍ ስህተት ነው። ማንም ሌላውን መግዛት እስኪችል አይበልጽግ፣ ማንም ራሱን ለመሸጥ እስኪገደድ አይደኽይ ይላል። ድምፅ በገንዘብ በሚገዛበት አገር ይህ ተራ ምክር አይደለም።

በሌላ በኩል ሩሶን ቅዱስ አናድርገው። የጋራ ፈቃድን አልታዘዝም ያለ «ነፃ እንዲሆን ይገደዳል» የሚለው ቃሉ አደገኛ ነው፤ ለጨቋኝ በር ይከፍታል ብዬ አምናለሁ። ስለ ልጆች አስተዳደግና ትምህርት በጻፈው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉም የሴት ልጅ ትምህርት ወንድን ለማስደሰት የታሰበ ነው። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴቶችም በራሳቸው አእምሮ የሚያመዛዝኑ ሰዎች ናቸው ብላ ፊት ለፊት ሞግታዋለች። ሩሶን ያነበበ ሰው እሷንም ቢያነብ ደስ ይለኛል።