የኤፍኤስኤ ካርድ መድኃኒት አልገዛም ሲል፦ ችግሩና መፍትሔው

በአሜሪካ በደመወዝ የሚሠራ ሰው፣ አሠሪው ኤፍኤስኤ የሚባለውን የሕክምና ወጪ ሂሳብ ካቀረበለት፣ ግብር ሳይቆረጥበት ከደመወዙ ገንዘብ ማስቀመጥ ይችላል። ለ2026 ጣሪያው 3,400 ዶላር ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ ለሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን ከፋርማሲ መደርደሪያ ያለ ማዘዣ ለሚነሣ የራስ ምታት፣ የአለርጂ፣ የጨጓራና የሳል መድኃኒትም ይውላል። ሆኖም ካርዱ አንዴ ሲከለከል ወይም የማስረጃ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ወገኖቻችን «ይቅርብኝ» ብለው ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ይህ ያስቆጨኛል። የላባቸው ዋጋ ነው፤ ክልከላውም አብዛኛውን ጊዜ የመብት ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው።

«ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሆንም ተባልኩ»

መልሱ በአንድ ወቅት ትክክል ነበር። ከ2011 መጀመሪያ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ፣ ከኢንሱሊን በቀር፣ መደርደሪያ ላይ ላለው መድኃኒት እንኳ ማዘዣ ያስፈልግ ነበር። በማርች 2020 ለኮሮና ወረርሽኝ ድጋፍ የወጣው የኬርስ ሕግ ይህን ግዴታ ከዚያው ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ሰረዘው፤ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያዎችንም ጨመረ። እንዲህ ያለ መልስ የሰጠዎት ሰው የቆየ መመሪያ ይዞ ይሆናል። የመሥሪያ ቤትዎን የሰው ኃይል ክፍል የዘንድሮውን የዕቅድ ሰነድ ይጠይቁ፤ አሠሪ ዕቅዱን ከሕጉ አጥብቦ ሊያወጣው ስለሚችል የመጨረሻው ቃል ያለው እዚያ ነው።

«ካርዱ ገንዘብ መክፈያው ላይ ተከለከለ»

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሱቁ ነው። ትልልቅ ፋርማሲዎችና ሱፐርማርኬቶች ኮምፒውተራቸው የእያንዳንዱን ዕቃ ባርኮድ አንብቦ የሚፈቀደውን ከማይፈቀደው ይለያል። ነዳጅ ማደያው፣ የሰፈሩ ትንሽ ሱቅ፣ በርበሬና እንጀራ የምንገዛበት የሐበሻ ሱቅ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ሥርዓት የላቸውም። ስለዚህ የያዙት መድኃኒት የሚፈቀድ ቢሆንም ካርዱ አይሠራም። ካርዱን ደጋግሞ መሞከር አይጠቅምም። በራስዎ ገንዘብ ይክፈሉና ዝርዝር ደረሰኝ ተቀብለው ሂሳቡን ለሚያስተዳድረው ድርጅት የተመላሽ ጥያቄ ያቅርቡ። ገንዘቡ ወደ ባንክዎ ይመለሳል።

ሱቁ ትልቅ ከሆነ ቅርጫትዎን ይመልከቱ። ሳሙናና ብስኩት ከመድኃኒቱ ጋር ከተቀላቀሉ ካርዱ የሚፈቀደውን ብቻ ከፍሎ ቀሪውን በሌላ መንገድ እንዲከፍሉ ይጠይቃል። ብልሽት ስላልሆነ አይደንግጡ፤ የኤፍኤስኤውን ካርድ አስቀድመው ይስጡ፣ ሌላውን ያስከትሉ።

እንዲህም ሆኖ እምቢ ካለ የሂሳቡን ዓይነት ያጣሩ። ለልጅ መዋያ ክፍያ የሚከፈተው ኤፍኤስኤ መድኃኒት አይገዛም። ኤችኤስኤ የሚባለው የጤና ቁጠባ ሂሳብ ያላቸው ሰዎች የሚያገኙት፣ ለተወሰነ ዓላማ የሚውለው ኤፍኤስኤም በአብዛኛው ለጥርስና ለዓይን ብቻ ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይ ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሌላው ምክንያት ቀደም ሲል ለተጠየቀ ግዢ ማስረጃ ሳይላክ መቅረቱ ነው፤ ያኔ ካርዱ ይታገዳል፣ የጎደለው ደረሰኝ ሲላክ ወይም ገንዘቡ ሲመለስ ይከፈታል።

«ደረሰኝ ልኬ ውድቅ ሆነብኝ»

ምናልባት የላኩት የካርድ ክፍያ ወረቀት ወይም የባንክ መግለጫ ነው። እነዚህ ስንት እንደተከፈለ እንጂ ምን እንደተገዛ አይናገሩም። የሚፈለገው የሱቁን ስም፣ ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና ዋጋውን የያዘ ደረሰኝ ነው። የመድኃኒቱ ስም በማይገባ አጽሕሮት ከታተመ የማሸጊያውን ፎቶግራፍ አብረው ይላኩ። የደረሰኝ ቀለም በጥቂት ወራት ይደበዝዛልና በገዙበት ዕለት በስልክዎ ያንሡት።

«ቫይታሚኑን አልከፍልም አለኝ»

ለአጠቃላይ ጤንነት የሚወሰድ ቫይታሚን፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙና፣ የፊት ቅባት አይፈቀዱም። ሐኪም ለታወቀ ሕመም ቫይታሚን ካዘዘልዎ፣ ሕመሙንና አስፈላጊነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፈው ከደረሰኙ ጋር ያያይዙ።

«ለእናቴ ወደ አገር ቤት የምልከውን መድኃኒት ልግዛበት?»

በልባችን ያለውን ጥያቄ የሚነካው ይህ ነው። ሂሳቡ የሚሸፍነው እርስዎን፣ የትዳር ጓደኛዎን፣ 26 ዓመት እስከሞላቸው ዓመት መጨረሻ ድረስ ልጆችዎንና በግብር ሕጉ ጥገኛ የሆኑ ሰዎችን ነው። በዚህ ሕግ ጥገኛ ለመባል የአሜሪካ ዜጋ ወይም በግብር ሕጉ የአሜሪካ ነዋሪ መሆን፣ አለዚያም በካናዳ ወይም በሜክሲኮ መኖር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያሉ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው እናት፣ ኑሯቸውን ሙሉ በሙሉ እርስዎ ቢሸፍኑም፣ አይገቡም። ባሕር ቢለየንም እናት ከቤተሰብ አትወጣምና ይህ ድንጋጌ ለእኔ ከባድ ነው። ቢሆንም ለእሳቸው የሚገዛው በሌላ ገንዘብ ይሁን፤ በሻንጣ ሊሄድ የተገዛ ብዙ ብልቃጥ ማስረጃ ከተጠየቀበት ለመመለስ ይገደዳሉ። ለራስም ቢሆን ለማከማቸት በብዛት መግዛት አይፈቀድም። እናትዎ ግሪን ካርድ ይዘው እዚህ የሚኖሩና ከኑሯቸው ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑት እርስዎ ከሆኑ ግን በአብዛኛው ሊገቡ ይችላሉ፤ የግብር ባለሙያ ያማክሩ።

«ሂሳቡ አይከፈትልኝም»

በራሱ መኪና በኮንትራት የሚሠራ ሹፌርና የግል ሥራ ያለው ሰው መክፈት አይችልም። ኤፍኤስኤ ያለ አሠሪ የለም።

«ዓመቱ አለቀና ገንዘቤ ጠፋ»

ኤፍኤስኤ ዓመቱ ሲያልቅ ቀሪው ገንዘብ የሚጠፋበት ሂሳብ ነው። አሠሪው ከሁለት ማቅለያዎች አንዱን ሊፈቅድ ይችላል፤ ከ2026 ወደሚቀጥለው ዓመት እስከ 680 ዶላር ማሸጋገር፣ ወይም ቀሪውን ለመጠቀም እስከ ሁለት ወር ተኩል የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ። ሁለቱንም አብሮ መስጠት አይችልም፤ አንዱንም አለመስጠት ግን ይችላል። የቆየ ደረሰኝ የሚቀርብበት ቀነ ገደብ ከዚህ የተለየ ስለሆነ በኖቬምበር ሁለቱንም ቀኖች ጠይቀው ይያዙ፤ ከዚያ ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የቁስል ማሸጊያ፣ የጎደለ መድኃኒት ይግዙ።

ሥራ የሚለቁ ከሆነ ጊዜው ያጥራል። ካርዱ በአብዛኛው በመጨረሻው የሥራ ቀን ይዘጋል። ነገር ግን ለዓመቱ የመረጡት ሙሉ መጠን ዕቅዱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ክፍት ነው፤ ከደመወዝዎ ገና ያልተቆረጠውም ጭምር። እስከ መጨረሻው የሥራ ቀን ድረስ በአግባቡ የተጠቀሙበትን ገንዘብ አሠሪው «ይመልሱ» ሊልዎት አይችልም። ስለዚህ የሚያስፈልግዎትን መድኃኒት ከመውጫዎ ቀን በፊት ይግዙ፤ ከኪስዎ የከፈሉት ካለም ደረሰኙን ለማስገባት ስንት ቀን እንደተሰጠዎት በጽሑፍ ይጠይቁ።