ለኤንትሬ የመስታወት ውሃ መርጫ ስንገጥም

ኤንትሬ፣ ማለትም የድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ ያለው ወይም የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክረምት ነው። ከፊት ያለው ሲኖ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። ዋይፐሩ ሲበራ ጭቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለቀልቀዋል እንጂ አይጠርገውም። ከዚያ ረዳቱ ክዳኑ የተበሳ ሀይላንድ ይዞ ግማሽ ገላውን በመስኮት ያወጣና፣ መኪናው እየሄደ፣ መስታወቱን ይረጫል። ስንስቅበት ኖረናል። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድ ትንሽ ፓምፕ ለሚሠራው ሥራ ሰው በመስኮት መንጠልጠል የለበትም።

ፊያት 682 ጣሊያን አገር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። እኛ ኤንትሬ የምንለው ኤን3 በ1960ዎቹ መጣ፣ የአሰብን መንገድም ተሳቢ እየጎተተ ኖረበት። ዛሬም ጭነት የሚያነሱ አሉ። አሳምረው አድሰው የሚያስቀምጧቸውም አሉ። የመስታወት ውሃ ኖሮትም ከሆነ ፕላስቲኩ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ከወደቀ ቆይቷል፣ ስለዚህ ከባዶ እንደምትገጥሙ አስቡ። አይክበዳችሁ። ዕቃው ከተሟላ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መጀመሪያ የዋይፐሩን ላስቲክ እዩት። በጣታችሁ ጠርዙን ዳሰስ አድርጉት። ከደረቀ፣ ከተቆራረጠ፣ ወይም አሸዋ ከተሰነቀረበት ውሃ ቢረጭም ባይረጭም መስታወቱን ይፍቀዋል። የድሮ ጠፍጣፋ መስታወት አንዴ ከተቧጨረ ደግሞ ማታ ከፊት የሚመጣው መብራት ሁሉ ጭረቱ ላይ ይበተንና ዓይን ያጠፋል። ላስቲኩን ቀይሩ፣ የክንዱ ስፕሪንግም መያዙን አረጋግጡ፣ ከዚያ ወደ ውሃው እንሂድ።

ዋናው ነገር ቮልቱ ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ኤንትሬ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞ። ያም ሆኖ መኪናው ስንት እጅ እንደነካው ስለማይታወቅ በቴስተር ለኩት። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪዎቹ ሙሉ ከሆኑ 25 አካባቢ ያሳያችኋል፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞላ 27 ወይም 28። ከዚያ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ በየሱቁ የሚቀርብላችሁ ፓምፕ አብዛኛው የቤት መኪና ነው፣ ማለትም 12 ቮልት። ይህን 24 ላይ ብታያይዙት መጀመሪያ ደስ ይላችኋል፣ ውሃው ከመስታወቱ አልፎ ጣሪያ ይመታል። ትንሽ ቆይቶ ግን ይግልና ይቃጠላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሲኖ ፓምፕ ግዙ። ሲኖ 24 ቮልት ነው፣ መለዋወጫው እንደ ልብ ነው፣ ፓምፑም ብቻውን ይሸጣል። ሻጩ “ይሠራል ግዴለህም” ቢላችሁ እንኳ ፓምፑ ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። ሌላው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር መግጠም ነው። 10 አምፒር የሚችል ከሆነ ፓምፑንም ሬዲዮውንም ይሸከማል።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ከሁለቱ ባትሪ መሀል 12 ቮልት ጠልፎ ይሰጣችኋል። ይሠራል፣ አልዋሽም። ለመስታወት ውሃ ብቻ ቢሆን ጉዳቱም ትንሽ ነው፣ በቀን ጥቂት ሰከንድ ነው የምትጠቀሙበት። ችግሩ ያ ሽቦ አንዴ ከተገኘ ሬዲዮውም ይመጣበታል፣ የስልክ ቻርጀሩም ይመጣበታል። አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። የሁለት ከባድ መኪና ባትሪ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን የውሃ ዕቃው። ኤንትሬ ሞተሩ ካቢና ውስጥ ስለሆነ እንደ ቤት መኪና ኮፈን ከፍቶ ጥግ ላይ ማስቀመጥ የለም። ቦታ ስትመርጡ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ከሞተሩ ክዳንና ከማርሚታው ራቁ፣ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ ይጣመማል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስብበትም፤ የውሃው ከፍታ ውሃ ከሚረጨው አፍንጫ በታች መሆን አለበት። ዕቃውን ከፍ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁት ፓምፑ ቆሞም ውሃው በራሱ እየተሳበ ይንጠባጠባል፣ ጠዋት ስትመጡ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ የምመርጠው ካቢና ውስጥ፣ ከረዳቱ እግር ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው። ለመሙላት ይመቻል፣ ከጭቃም ይድናል፣ በተለይ ደግሞ ከውጭ አይታይም። አድሰው ለሚያስቀምጡት ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነገር ነው። ከስሩ ግን ባትሪም ሆነ የሽቦ ቋጠሮ እንዳይኖር።

መጠኑ ከ3 እስከ 5 ሊትር ቢሆን ይበቃል። መያዣውን ከላሜራ አስቆርጡ፣ በመሀል ወፍራም ጎማ አድርጉበት። የኤንትሬ ንዝረት ቀላል አይደለም፣ ፕላስቲክ ከብረት ጋር በቀጥታ ካሰራችሁት በጥቂት ወር ተፋቅፎ ይበሳል።

ፓምፑ ከዕቃው ስር ነው የሚቀመጠው። ይህ ዓይነት ፓምፕ ውሃ ከላይ ሲመጣለት ይገፋል እንጂ ከታች መሳብ አይችልም። ከፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ይጮሃል እንጂ ውሃ አያወጣም፣ እናንተም “ፓምፑ አርጀንቲ ነው” ብላችሁ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ትጣላላችሁ። ዕቃው ስር ባለው ቀዳዳ ጎሚኒውን፣ ማለትም ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የሚገባውን የጎማ ቀለበት፣ አግቡ፣ ጠርዙን በውሃ አርጥቡ፣ ፓምፑን እያዞራችሁ ግፉት። ማጣበቂያ አትጠቀሙ። ጎሚኒው ልኩ ከሆነ ራሱ ይይዛል፣ ልኩ ካልሆነ ማጣበቂያም አያድነውም። ለማንኛውም ከመስቀላችሁ በፊት ውሃ ሞልታችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ካርቶኑ ከረጠበ ጎሚኒውን ቀይሩ።

ቱቦው ላይ አትቆጥቡ። ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጠው ነጩ ቱቦ ርካሽ ነው፣ ግን ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ውስጡም አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ ውስጡ 4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ፈልጉ። ውሃውን ለሁለት አፍንጫ የሚከፍለው ቲ መገናኛ ላይ አልገባ ካለ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ንከሩት፣ ለስልሶ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነክሶ ይይዛል። ላይተር አታስጠጉበት። ከፓምፑ ወጣ እንዳለ ውሃ ወደፊት ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አስገቡ፣ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ መስታወቱ ይዙር። ያ ከሌለ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ዕቃው ይመለሳል፣ ቁልፉን በተጫናችሁ ቁጥር ቱቦው እስኪሞላ መጠበቅ ነው። በዚያ መሀል ደረቁ ዋይፐር ሁለት ሦስት ጊዜ ፍቆታል።

አፍንጫውን የት እንትከል የሚለው ላይ ሁለት ወገን አለ። ከመስታወቱ ስር ያለውን ላሜራ በትራፓኖ በስቶ መትከል ቀላሉ ነው። ለሥራ መኪና ምንም አይደለም፣ ብቻ የበሳችሁትን ጠርዝ በዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። አድሳችሁ ለምታስቀምጡት ግን እጃችሁ ትራፓኖ እንዳይነካ። ዋይፐሩ ክንድ ላይ የሚታሰር አፍንጫ አለ፣ የአዳዲስ ከባድ መኪናዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ቱቦው በክንዱ ይሄዳል፣ በትንንሽ ኬብል ታይ ይታሰራል፣ ወደ ካቢና ደግሞ ቀድሞም ሽቦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ይገባል። ቀዳዳው ላይ ጎሚኒ ከሌለ አድርጉበት፣ ላሜራ ቱቦ ይቆርጣል። ክንዱ የሚዞርበት ቦታ ላይ ቱቦው ልቅ ይሁን፣ ዋይፐሩን በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙራችሁ የሚወጠርበት ቦታ እንደሌለ እዩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሥራ መኪናም ይሄኛው ይሻላል። ውሃው ላስቲኩ ካለበት ስለሚወርድ አይባክንም።

ኤንትሬ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት አፍንጫ ያስፈልጋል። ቲውን በተቻለ መጠን መሀል ላይ አድርጉት፣ የሁለቱ ወገን ቱቦ ርዝመት ከተመጣጠነ ውሃውም ይመጣጠናል።

ወደ ኤሌክትሪኩ። የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ላይ ውሰዱ። የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ለ24 ቮልት ፓምፕ 5 አምፒር በቂ ነው፣ ፊውዙም ኃይሉ ከሚነሣበት ቦታ አጠገብ ይሁን። የዋይፐሩ ፊውዝ ላይ አትደርቡት። ያረጀ ዋይፐር ሞተር ብዙ ኃይል ይስባል፣ ዝናብ ሲበረታ ፊውዙ ቢበጠስ ሁለቱንም አንድ ላይ ታጣላችሁ። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ማብሪያው እንደ ክላክስ ሲጫኑት የሚሠራ፣ ሲለቁት የሚያቆም መሆን አለበት። በርቶ የሚቀር ማብሪያ ከገጠማችሁ አንድ ቀን ተረስቶ ውሃው ያልቃል፣ ፓምፑም ደርቆ ይሽከረከራል። ያለ ውሃ ደግሞ ብዙ አይቆይም። አዲስ ቀዳዳ ዳሽቦርዱ ላይ ላለመብሳት ማብሪያውን ከዳሽቦርዱ ስር በትንሽ ላሜራ ስቀሉት።

ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘውን ኔጋቲቭ ሽቦ፣ እዚያው አቅራቢያ ያገኛችሁት ቡሎን ላይ አትሰሩት። ስልሳ ዓመት የተቀባ፣ የዛገ፣ እንደገና የተቀባ ካቢና ማሳ ላይ እምነት አይጣልበትም። የራሱን ጥቁር ሽቦ እስከ ዋናው የማሳ ነጥብ ውሰዱለት። ፓምፑ እየሠራ ውሃው ደካማ ከሆነ ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አቀያይራችሁ ሞክሩ። ወደ ኋላ የሚዞር ፓምፕም ትንሽ ይገፋል፣ ስለዚህ ብዙዎች ስህተቱን ሳያውቁት ይኖራሉ። ሁለት አፍ ያለው ፓምፕ ደርሷችሁ ከሆነ፣ እሱ ለፊትና ለኋላ መስታወት የተሠራ ነው፣ በየትኛው አፍ እንደሚያወጣ የሚወስነው የሽቦው አቅጣጫ ነው። አንዱን አፍ ድፈኑት።

አፍንጫው ላሜራው ላይ ከሆነ አቅጣጫውን በመርፌ አስተካክሉ። መኪናው ቆሞ ሳለ ውሃው ከመስታወቱ መሀል ትንሽ ከፍ ብሎ ይምታ። ከዚያ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዳችሁ ሞክሩት፣ ነፋሱ ሐሳቡን ያስቀይረዋል። ቆማችሁ እንደገና አስተካክሉ።

አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ያላችሁም ይሄው ነው፣ ኮፈን ስላላችሁ እንዲያውም ይቀላችኋል። ቤንዚኑ 12 ቮልት ነው። ከናፍጣዎቹ ግን 24 የሆኑ ስላሉ ሳትለኩ አትግዙ።

የመጨረሻው ውሃው ራሱ ነው። ኦሞ አትጨምሩ፣ ዱቄቱ አፍንጫውን ይደፍናል፣ አረፋው ሲደርቅም መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ለመስታወት የሚሸጠው ፈሳሽ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ለ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የራዲያተር ኩላንት በጭራሽ እንዳታስገቡ፤ መስታወቱን ቅባት ያደርገዋል፣ መርዝም ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ውሃው ጨው በሚበዛበት ቦታ የቧንቧውን ትታችሁ የታሸገ ውሃ ሙሉ፣ አለዚያ አፍንጫው ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን አድራችሁ ጠዋት ካልወጣላችሁ ደግሞ ውርጩ ነው፣ ፀሐይ እስኪነካው ጠብቁ እንጂ ቁልፉን ተጭናችሁ አትያዙ። አፍንጫው ከተደፈነ ከቱቦው ነቅላችሁ ከውጭ ወደ ውስጥ ንፉበት። መርፌ ካስፈለገ ቀጭን ይሁን፣ ቀዳዳው ከሰፋ ውሃው መፍሰስ እንጂ መርጨት አይሆንለትም።