ሆይ አንን ዳግመኛ፣ ያውም በዝናብ ወራት፣ እንዴት መጎብኘት እንደሚቻል

በመካከለኛው ቬትናም ያለችውን ጥንታዊት የወደብ ከተማ ሆይ አንን በበጋ ያየ ሰው በዝናብ ወራት ሊመለስባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዝናቡ ምን ያህል እንደሚበረታ ነው። መልሱ ብዙም አይጠቅመውም። ከተማዋን የሚያጥለቀልቃት በላይዋ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን ከምዕራብ ተራሮች ወርዶ በጫፏ የሚያልፈው የቱ ቦን ወንዝ ነው። ከተማው ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ውሃ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል፤ ሲያካፋ ውሎ ሲያካፋ አድሮም ጎዳናው ላይ ምንም ላይከሰት ይችላል። ስለዚህ ጉዞውን የምናቅደው በወንዙ ነው።

ደረጃ 1፦ ወሩን መምረጥ

ለእኛ መስከረም ሲጠባ ክረምቱ አበቃ ማለት ነው። በመካከለኛው ቬትናም ግን የሚገባው ያኔ ነው። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከባሕር እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና ከትሩንግ ሶን ተራሮች ጋር ሲጋጭ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል፤ የባሕር አውሎ ነፋሶችም ወቅታቸው ይኸው ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ያለው ጊዜ የከፋው ነው። ሃኖይና ሆ ቺ ሚን ከተማ ዝናባቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው በእኛው ክረምት ስለሆነ፣ «የቬትናም የአየር ጠባይ» ተብሎ በጥቅሉ የተጻፈ ነገር አንብቦ ቲኬት መቁረጥ ያሳስታል። ጭር ያለ ጎዳናና ርካሽ ክፍል ብትፈልጉ፣ ጎርፉን ግን ባትፈልጉት፣ ከፈረንጆች ገና በፊት ያሉትን የታኅሣሥ ቀናት ምረጡ። ያካፋል፣ ብርድ ብርድ ይላል፤ ከባዱ ሙላት ግን ብዙውን ጊዜ አልፏል።

ደረጃ 2፦ ቪዛና መንገድ

ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ይከፈላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2025 ጀምሮ ሃኖይ ይበራል። ከዚያ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ዳ ናንግ፣ ከዳ ናንግ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በታክሲ። ሆይ አን የራሷ አውሮፕላን ማረፊያም ሆነ ባቡር ጣቢያ የላትም።

ደረጃ 3፦ ማደሪያ

ጉዞው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ በቂ ጊዜ ስጡት።

መጀመሪያ አድራሻ። ሆይ አን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ቀርቶ ከኳንግ ናም ክፍለ ሀገር ጋር ወደ ዳ ናንግ ተጠቃልላለች። ስለዚህ ክፍል በሚያዝባቸው የኢንተርኔት ገጾች ላይ «ዳ ናንግ» የሚል አድራሻ ብታዩ አትደንግጡ፤ ግን ካርታውን ሳትከፍቱ ገንዘብ አትክፈሉ። ጥንታዊው ሰፈር ያለ መስሏችሁ የያዛችሁት ክፍል እውነተኛው ዳ ናንግ ባሕር ዳርቻ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ከፍታ። የጥንቱ ከተማ ዋና ዋና ጎዳናዎች ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን የተዘረጉ ናቸው፤ ወደ ሰሜን በሄዳችሁ ቁጥር መሬቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ውሃው መጀመሪያ የሚይዘው ወንዙን የሚያዋስነውን ባክ ዳንግን ነው። ከዚያ ንጉየን ታይ ሆክ፣ ከዚያ ትራን ፉ፣ ከዚያ ፋን ቹ ትሪን እያለ ይወጣል። በበጋ ውዱና ተወዳጁ የወንዝ ዳር ክፍል በጥቅምት የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። በወንዙ ላይ ካለው ድልድይ ማዶ ያለው የአን ሆይ ሰፈርም ዝቅተኛ ነው። እኔ ከፋን ቹ ትሪን በስተሰሜን ያለውን ሰፈር እመርጣለሁ፤ ወደ ወንዙ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያቺ ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ደረቅ አልጋ ማለት ናት።

ሆቴሉን «ጎርፍ ይገባችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ክፍል የሚያከራይ ሰው «አዎ» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት የለውም። ይልቅ «ወንዙ ሲሞላ ሞተር ብስክሌቶቻችሁን የት ታቆማላችሁ?» ብላችሁ ጻፉላቸው። «እዚሁ ግቢ ውስጥ» ካሉ ጥሩ ነው። «ወደ ላይኛው ሰፈር እንወስዳቸዋለን» ካሉ መልሱን አገኛችሁ። ክፍሉ የትም ይሁን የት ምድር ቤት አይሁን።

ከዚያ ሦስት ቁጥሮች ያዙ። በሆይ አን የወንዙ ማስጠንቀቂያ ሦስት ደረጃ አለው፦ አንደኛው 1 ሜትር፣ ሁለተኛው 1.5 ሜትር፣ ሦስተኛው 2 ሜትር። ሆቴሎችና ባለ ሱቆች በስልካቸው የሚከታተሉት ይህንኑ ስለሆነ «ዛሬ ስንተኛው ላይ ነው?» ብትሉ ይገባቸዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. በነበረው ታላቅ ጎርፍ ውሃው 3.40 ሜትር ደርሶ ነበር፤ በኦክቶበር 2025 መጨረሻም የጥንቱ ከተማ ጎዳናዎች ሰው እስከ ወገቡ የሚጠልቅባቸው ሆነዋል። ወንዙ ላይ ከተራሮቹ በኩል የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ፤ እነሱ ውሃ ሲለቁና ባሕሩም ከፍ ብሎ የወንዙን መውጫ ሲያጨናንቅ የከተማው ሰማይ ምንም አይነግራችሁም።

ሰዎቹን ማየት ግን ይነግራችኋል። የልብስ ስፌት ሱቆች የጨርቅ ጥቅላቸውን ወደ ላይኛው ፎቅ ማሸጋገር ከጀመሩ ቁጥሩን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ገንዘብ አውጡ፣ ውሃና ምግብ ግዙ፣ ስልክና መብራት ቻርጅ አድርጉ። ውሃ ከገባ መብራት ይጠፋል።

ደረጃ 4 እና 5፦ የምትለብሱትና የምትጫሙት

ጃንጥላ ይቅር። በነፋስ ይገለበጣል፤ በጠባብ መንገድ ላይም የሰው ዓይን ያወጣል። እዚያው በየሱቁ በርካሽ የሚሸጠውን የሞተረኞች የዝናብ ልብስ ግዙ። ሰፊ ነው፤ ሾፌሩንም እጀታውንም ይሸፍናል፤ ከፊቱ የሞተሩ መብራት እንዲያበራበት መስታወት መሰል ፕላስቲክ ተሰፍቶበታል። አንዳንዱ ለኋላ ተሳፋሪም ሁለተኛ ቆብ አለው። ሻንጣ ከአገር ቤት በውድ ዝናብ መከላከያ መሙላት ለእኔ ብክነት ነው።

ቦት ጫማም አልመክርም። ውሃው ከአፉ ካለፈ በኋላ ቦት ባልዲ ነው። ኮንጎ ጫማ ወይም ከኋላ የሚታሰር ሰንደል ይሻላል። እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ ግን በምንም ጫማ ጎርፍ ውስጥ አትግቡ፤ የሽንት ቤቱም የፍሳሹም ውሃ እዚያው ነው። ወራጅ ካለው ደግሞ ጉልበት የማይደርስ ቢሆን እንኳ አትድፈሩት፤ ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው።

ደረጃ 6፦ ምን ማየት

ለጥንታዊ ቤቶቹ መግቢያ የውጭ ዜጋ 120,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ይከፍላል። በበጋ ስትመጡ ቸኩላችሁ ያለፋችኋቸውን ሁለት ቤቶች አሁን በሌላ ዓይን እዩ። ታን ኪ ውስጥ የየዘመኑ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ከነዓመቱ ተመልክቷል። የጃፓን ድልድይ ከሚባለው ጥንታዊ ድልድይ በስተምዕራብ ባለው በፉንግ ሁንግ ቤት ደግሞ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፤ በላይኛው ፎቅ ወለል ላይ የሚከፈት ክዳን አለ። ወንዙ ሲመጣ የቤቱ ሸቀጥ በዚያ ቀዳዳ ወደ ቆጡ ይሳባል። ዩኔስኮ በ1999 የመዘገባት ከተማ ከ15ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም ነጋዴዎች ወደብ ሆና ስትኖር ከጎርፍ ጋር እንዴት እንደኖረች ከማንኛውም አስጎብኚ በላይ የሚያስረዳው ይህ ክዳን ነው።

የጃፓን ድልድዩ ለረጅም ጊዜ ሲታደስ ቆይቶ በኦገስት 2024 ተከፍቷል። የቀድሞውን የምታስታውሱ ቀለሙ አዲስ አዲስ ሊሸታችሁ ይችላል፤ ብዙ የአገሩ ሰዎችም ይህንኑ ብለዋል። በ20,000 ዶንግ ኖት ላይ ያለው አሮጌው መልኩ ነው።

የቻም ደሴቶችን ከዕቅዳችሁ አውጡ፤ ባሕሩ ሲናወጥ ጀልባ አይሄድም። ሚ ሶን፣ ማለትም የቻም ሕዝብ ቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ፣ በካፊያ ጠዋት ጥሩ ነው። ካው ላው የተባለውን ወፍራም የሩዝ ፓስታ በማንኛውም ቀን ብሉ።

መንገዱ ወንዝ ሲሆን ጀልበኞች በጎዳናው መሐል ልውሰዳችሁ ይላሉ። ባለሥልጣናት ከከለከሉ እሺ አትበሉ። ከፈቀዱ በቀን ብቻ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳችሁ ውጡ፤ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

ውሃው መሸሽ ሲጀምር ካሜራ ይዛችሁ አትጣደፉ። ቤተሰቡ በሙሉ መጥረጊያ ይዞ፣ ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ላይ ሳለ፣ ደለሉን እያማሰለ ከሚሸሸው ውሃ ጋር ወደ ውጭ ይገፋል። ከደረቀ አካፋ ይፈልጋል። በዚያች ሰዓት ደጃፍ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ሥራ ያስፈታል፤ ወይ መጥረጊያ ያዙ ወይ ዘወር በሉ። በማግሥቱ ሱቆቹ ሲከፈቱ መሄድ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ መውጣት

ከሆይ አን ወጥታችሁ በዚያው ቀን ወደ ውጭ አገር አትብረሩ። አውሎ ነፋስ ሲመጣ የዳ ናንግ በረራዎች ይሰረዛሉ፤ መንገዱም ሊዘጋ ይችላል። የመጨረሻዋን ሌሊት ዳ ናንግ አድራችሁ፣ የተቻለ እንደሆነ ሃኖይ ላይም አንድ ቀን ትርፍ ይዛችሁ ተጓዙ፤ የበረራ ቀን የሚለወጥ ቲኬት ጥቂት ቢወደድም ግዙት። እርጥብ ጫማችሁን ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት በፌስታል ለብቻው አስሩት።