የገና ኩኪስ ለጾመኛውም ለፈሰከውም

የገና ኩኪስ ለቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባና ለዘመድ የሚጋገር ስለሆነ፣ ከዱቄቱና ከስኳሩ በፊት መታሰብ ያለበት ተቀባዩ በዚያ ቀን ምን ሊበላ እንደሚችል ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ስለሚዘልቅ፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ጾመኛ ባልደረቦቹ ዲሴምበር 25ን ሲያከብሩ እርሱ ገና ጾሙን አልፈታም። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረደረው ኩኪስ ብዙውን ጊዜ ቅቤና እንቁላል ያለበት በመሆኑ፣ የቀረበለትን አመስግኖ ከማለፍ በቀር የሚያደርገው የለም። አገር ቤት ያለውም ቢሆን ከበዓሉ በፊት የሚላክለትን ሳህን ለልጆች ሰጥቶ እርሱ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መጋገር ይገባል እላለሁ፤ በጾሙ ሰሞን በዘይትና በሰሊጥ የሚሠራውን፣ ለበዓሉ ዕለት ደግሞ በቅቤ የሚሠራውን።

ለጾሙ ኩኪስ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 110 ግራም ስኳር፣ 140 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት፣ 60 ግራም ሰሊጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ያስፈልጋል። የኑግ ዘይት የራሱ ጠንካራ ጣዕም ስላለው ለዚህ አይመረጥም። ሰሊጡን በደረቅ መጥበሻ በለስላሳ እሳት እያማሰሉ ማመስና ሽታው ብቅ እንዳለ ወዲያውኑ ከመጥበሻው ማውጣት ያስፈልጋል፤ በጋለ መጥበሻ ላይ የተተወ ሰሊጥ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ያርራል፣ ያረረ ሰሊጥ ደግሞ ይመራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹን መፍጨት፣ ግማሹን እንዳለ መተው መልካም ነው። ኮረሪማውን ተፈጭቶ ከተሸጠው ይልቅ ከነልጣጩ ገዝቶ፣ ፍሬውን ፈልፍሎ፣ ጥቂት አሞቆ በቤት መፍጨት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኮረሪማ የሄል ዘመድ ስለሆነ፣ ሄል የሚጠይቅ የውጭ አገር አሠራር ሁሉ በእርሱ ሊተካ ይችላል፤ እኔ እንዲያውም የእኛውን እመርጣለሁ።

ዱቄቱንና ቤኪንግ ፓውደሩን በወንፊት ነፍቶ ከስኳሩ፣ ከጨው፣ ከኮረሪማውና ከሰሊጡ ጋር ከቀላቀሉ በኋላ ዘይቱን ማፍሰስና በጣት ጫፍ ማዋሃድ ነው። ውኃው ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሆኖ በመጨረሻ ይገባል፤ ልኩም ሊጡ በመዳፍ ሲጨበጥ ሳይፈረካከስ መያዙ ነው። ይህን ሊጥ እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት አይገባም፤ ውኃ ያገኘ የስንዴ ዱቄት በታሸ ቁጥር እየተሳሰረ ስለሚሄድ፣ አፍ ውስጥ መሟሟት የነበረበት ኩኪስ እንደ ደረቅ ዳቦ ይጠነክራል። ሊጡን ከነልጣጩ ያለች ለውዝ በምታክል መጠን እየቆረሱ ማድቦልቦል፣ በመዳፍ ጠፍጠፍ ማድረግ፣ ከዚያም በ170 ዲግሪ በጋለ ምድጃ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ከ14 እስከ 16 ደቂቃ መጋገር ነው። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ መሐሉ ሲነካ ለስላሳ መሆኑ አያስጋ፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራልና። ትኩሱን ለማንሳት የሚቸኩል ሰው ግን ፍርፋሪ ይቀረዋል፤ በትሪው ላይ አሥር ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት።

የአዲስ አበባ ሰው ከውጭ የተገኘን አሠራር ቃል በቃል ተከትሎ ኩኪሱ ትሪው ላይ ተዘርግቶ አንድ ቂጣ ሲሆንበት፣ ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣው ጋዝም ከቆላው አገር ይልቅ በርትቶ ሊጡን ይነፋዋል። ሊጡ ቅርጹን ሳይዝ ቶሎ ተነፍቶ ይወድቃል፣ እርጥበቱም በፍጥነት ይተናል። መፍትሔው በአሠራሩ የተጻፈውን ቤኪንግ ፓውደር በግማሽ መቀነስ፣ ስኳሩን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማጉደልና ሊጡ ከደረቀ ጥቂት ውኃ መጨመር ነው። ከላይ የሰጠሁት መጠን ለደጋ የተመጠነ ነው።

የቅቤው ኩኪስ ከዚህ ሁሉ ሐሳብ ነጻ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ስለሌለበት ከፍታ ብዙም አይጎዳውም። መጠኑን ለማስታወስ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ማለት ይበቃል፤ ይኸውም 100፣ 200 እና 300 ግራም ሲሆን፣ አንድ የእንቁላል አስኳልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበታል። ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። ለጋ ቅቤ የሚይዘው የአሬራ ውኃ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሊጡን ያላላዋል፤ በቅመም የተነጠረው ደግሞ ወጥን እንጂ ጣፋጭን አያስታውስም። ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ እንጂ የቀለጠ መሆን የለበትም። ከስኳሩ ጋር ተመትቶ ሲነጣ አስኳሉና የአንድ ብርቱካን የላይኛው ልጣጭ ፍቅፋቂ፣ በመጨረሻም ዱቄቱ ይገባል። ከዚያ ሊጡን ጠቅልሎ ለአንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳረፍ የግድ ነው፤ ያልረጋ ቅቤ ምድጃ ውስጥ ቀድሞ ቀልጦ ቅርጹን ያጠፋዋል። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጦ በቡና ስኒ አፍ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል፤ ልጆች ለዚህ ሥራ ይሻማሉ፣ ሊፈቀድላቸውም ይገባል። በ170 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሁለቱን በአንድ ቀን የሚጋግር ሰው የጾሙን ያስቀድም፤ ቅቤ የነካውን ትሪ፣ ማንኪያና መዳመጫ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳያጥቡ ለጾም ሊጥ መጠቀም ተቀባዩን በማያውቀው ነገር ማስገደፍ ይሆናል። ማስቀመጫቸውም የተለያየ ይሁን፣ በላዩም የጾምና የፍስክ ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። በውጭ አገር ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለቢሮ የሚወስድ ሰው ደግሞ ሰሊጥ እንዳለበት መናገር አለበት። በአሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በታሸገ ምግብ ላይ በስሙ መጻፍ ካለባቸው ዋና ዋና የአለርጂ መንስኤዎች አንዱ ሆኗልና፣ በሳህኑ ጎን የሚቀመጥ ትንሽ ወረቀት ሰውን ከከባድ አደጋ ያድናል።

ኩኪሱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ እንፋሎቱ ያረጥበዋል። በደንብ የሚከደን ቆርቆሮ ውስጥ በየድርድሩ መካከል የመጋገሪያ ወረቀት እያነጠፉ ቢያስቀምጡት የቅቤው ሁለት ሳምንት፣ የዘይቱም ከዚያ ባላነሰ ጊዜ ይቆያል። ሩቅ ለሚላክ ቆርቆሮ ክፍተቱን በተጨማደደ ወረቀት መሙላት አይረሳ፤ የሚሰብረው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ኩኪሱ ውስጥ ለውስጥ መንቀሳቀሱ ነው።

የቅቤው ሊጥ ከተረፈ ተድቦልቡሎና በላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ይቀመጣል። ጥር 10 ቀን ሌሊቱን ወደ ማቀዝቀዣው ወርዶ ቢያድር፣ በማግሥቱ ከጥምቀት ለሚመለሱ ትኩስ ሆኖ ከቡና ጋር ይደርሳል።