የምናብ ዓለም ሕዝቦችንና ቋንቋዎቻቸውን ሲፈጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምናብ ዓለም ልብ ወለድ በአማርኛ ለመጻፍ የተነሡ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ሲሰጡኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታሪኩ በፊት የማገኘው ካርታ ነው። ተራራው፣ ወንዙና የግንቡ ከተማ በጥንቃቄ ተስለዋል፤ ከካርታው ሥር ደግሞ የሕዝቦች ዝርዝር ይከተላል። በሰሜን ጦረኞች፣ በደቡብ ነጋዴዎች፣ በምሥራቅ ጠቢባን ሰፍረዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ቋንቋ ተሰጥቷቸዋል። ድካሙ ከልብ የመነጨ መሆኑ ያስታውቃል። ነገር ግን ገጹን ገልጠን ወደ ታሪኩ ስንገባ እነዚህ ሕዝቦች ከዚያች ቀን በፊት ተያይተው የሚያውቁ አይመስሉም። ለዘመናት ተገበያይተው፣ ተዋግተውና ተጋብተው የኖሩ ጎረቤታሞች በንግግራቸውና በስሞቻቸው ላይ አንዱ የሌላውን አሻራ ይዘው ይገኛሉ፤ በረቂቆቹ ውስጥ የማጣው ይህንን አሻራ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከዚሁ ጉድለት የሚመነጩ ናቸው።

አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ጠባይ

በእውነተኛው ዓለም የሕዝብ ድንበርና የቋንቋ ድንበር እምብዛም አይገጥሙም። በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ረጅም ዘመን አልፏል፤ ወይጦነታቸው ግን ከቋንቋቸው ጋር አብሮ አልጠፋም። ቤተ እስራኤሎች በጥንት ዘመን የአገው ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ኋላ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ሆኑ፤ ጸሎታቸውን በግዕዝ ያደርሱ ነበር፤ ዛሬ በእስራኤል የተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ ዕብራይስጥ እየተናገሩ ያድጋሉ። የአንድ ሕዝብ ታሪክ ብቻ ይህን ያህል ቋንቋ ከያዘ፣ «የሰሜን ሰዎች ሰሜንኛ ይናገራሉ፤ ሁሉም ጀግኖች ናቸው» ብሎ ማለፍ ሰዎቹን ከመፈጠራቸው በፊት መግደል ነው።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ልብ ወለዱ የሚፈጸምባትን የምናብ ዓለም፣ የመካከለኛዋን ምድር፣ ሲፈጥር ይህን ጉዳይ በሚገባ አስቦበት ነበር። በዚያች ምድር የሚኖሩት የብሪ ሰዎችና የደንላንድ ሰዎች በዘር ይዛመዳሉ፤ የብሪዎቹ ግን የጋራውን ቋንቋ ሲቀበሉ የደንላንዶቹ የአባቶቻቸውን ንግግር ይዘው ቀሩ። ከዚህ የደንላንዶች ቋንቋ ለአንባቢ የደረሰው «ፎርጎይል» የሚለው ቃል ነው፤ ይህም የሮሃንን ባለ ወርቃማ ጸጉር ፈረሰኞች የሚጠሩበት፣ «ገለባ ራስ» እንደ ማለት ያለ የንቀት ስም ነው። ደራሲው ሙሉ መዝገበ ቃላት አላቀረበልንም። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ስለ ነጣቂው በየቤቱ የሚናገረውን አንዲት ቃል አሰማን፤ የሁለቱ ወገኖች የዘመናት ቂም በእርሷ ውስጥ አለ።

የጋራ ቋንቋን ከሰማይ ማውረድ

ገጸ ባሕርያቱ ከተለያየ አገር ስለሚመጡ ደራሲው እንዲግባቡለት ሲል «የጋራ ቋንቋ» የሚባል ነገር ያስገባል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። የጋራ ቋንቋ የሚስፋፋው ሻጭና ገዥ፣ ሎሌና ጌታ፣ መነኩሴና ደቀ መዝሙር ስለሚፈልጉት ነው። አማርኛ ልሳነ ንጉሥ የተባለው የቤተ መንግሥት ቋንቋ ስለነበረ ነው፤ ስዋሂሊ በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከነጋዴው ጋር ተጉዞ የዓረብኛ ቃላትን በብዛት የተቀበለ የባንቱ ቋንቋ ነው። ዌስትሮን የተባለው የቶልኪን የጋራ ቋንቋም ኑሜኖር ከተባለችው የደሴት መንግሥት የመጡ ባሕረኞች በዳርቻው ምሽግና ወደብ ሲመሠርቱ የተናገሩት አዱናይክ የተባለ ቋንቋ ከአካባቢው ሰዎች ንግግር ጋር ተደባልቆ የወጣ ነው። ስለዚህ የእርስዎን የጋራ ቋንቋ መጀመሪያ ማን እንደተናገረው፣ ማን ተገዶ እንደተማረው፣ የትኛው ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ ገና እንዳልደረሰ ይወስኑ። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይጠቅማል፤ ጀግናዎ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው እዚያ ነውና።

አማርኛን በሌላ ቃል መሸፈን

አንዳንድ ጸሐፊዎች አዲስ ቋንቋ ፈጠርን ሲሉ እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል በአንድ የፈጠራ ቃል ተክተው፣ ቅደም ተከተሉንና እርባታውን እንዳለ ይተዉታል። በፊደል ፈጠራም እንዲሁ ነው፤ ለ«ለ» አንድ ቅርጽ፣ ለ«መ» አንድ ቅርጽ እያሉ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ይቀይራሉ። ይህ ምስጢራዊ ጽሕፈት እንጂ ቋንቋ አይደለም።

«አልበላችውም» የሚለውን ቃል እንመልከት። ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ግሱን እንደ ሁለት እጅ አቅፈው ድርጊቱን ያፈርሱታል፤ በመካከል «ች» ባለቤቷ ሴት መሆኗን፣ «ው» ደግሞ ያልተበላው ነገር ወንዴ መሆኑን ይናገራሉ። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለምንለው አይታወቀንም፤ ሌላ ቋንቋ ግን ለዚሁ ሐሳብ አምስት የተለያዩ ቃላት ሊያሰልፍ ይችላል፤ ጾታን ፈጽሞ የማይለይ ቋንቋም አለ። ቅደም ተከተልም ታሪክ አለው። ግዕዝ «ሖረ ንጉሥ ኀበ ሀገር» ሲል ግሱን ያስቀድማል፤ አማርኛ «ንጉሡ ወደ ከተማ ሄደ» ብሎ ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህ የአማርኛ ጠባይ ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ ከመኖር የመጣ መሆኑን ያስረዳሉ። እንግዲህ ማንም ሳያዝዘው፣ በጉርብትና ብቻ፣ የዓረፍተ ነገር አጥንት ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። በእርስዎ ዓለም ሁለት ሕዝቦች ለአምስት መቶ ዓመት አንድ ሸለቆ ተጋርተው ከኖሩ፣ ቋንቋዎቻቸው በአንድ ነገር መመሳሰል አለባቸው።

ፊደላችንን ረስቶ ስም ማውጣት

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ስለ ምናብ ዓለም የሚሰጡት ምክሮች በአብዛኛው በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች የተዘጋጁ በመሆናቸው ይህንን የሚነግረን ሰው የለም።

የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ቃል ያላለቀ ነገር ወይም የልደት በዓል አድርገን የምናነበው ከአገባቡ ተነሥተን ነው፤ «አለ»ም እንዲሁ መናገርን ወይም መኖርን ያመለክታል። የፈጠራ ስም ግን አገባብ የሚባል ረዳት የለውም። «ከረመን» ብለው ንጉሥ ቢሰይሙ አንዱ አንባቢ «ረ»ን ያጠብቃል፣ ሌላው «መ»ን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያላላል። ሳድስ ፊደልም ያው ችግር አለበት፤ «ድርግምስ» የሚል ስም ውስጥ የትኛው ፊደል አናባቢ እንዳለውና የትኛው እንደሌለው የሚያውቀው ደራሲው ብቻ ነው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ ስሞች ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕና ሳብዕ የበዛባቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ «ቱራሚ» ወይም «ሶላኑ» የሚል ስም ማንንም አያደናግርም።

ሁለተኛው አደጋ ያልታሰበ ትርጉም ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ውስጥ ግርማ ያለው የሚመስለው «ሞራ» በእኛ ዘንድ ከበግ ሆድ የሚወጣ ስብ ነው፤ «ዶማ» መቆፈሪያ ነው፤ «ኬላ» መኪና የሚቆምበት ነው። በዘውድ ሥርዓት መካከል ንግሥቲቱ «ሞራ» ተብላ ስትጠራ የምዕራፉ ክብደት ይፈርሳል። ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት፣ ከዚያም «የ»፣ «ለ» እና «ን» ጨምሮ እንደገና መጥራት ይገባል፤ ብቻውን ንጹሕ የነበረ ስም «የ» ሲጨመርበት ሌላ ቃል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ባዕድ ለመምሰል የሚደረገው ጥረትም የተሳሳተ አቅጣጫ ይይዛል። በ2009 እ.ኤ.አ. ለወጣ አንድ ታዋቂ ፊልም ቋንቋ የፈጠረው የቋንቋ ሊቅ ፖል ፍሮመር፣ የሌላ ዓለም ፍጡራን ድምፅ እንግዳ ሆኖ እንዲሰማ ከመረጣቸው ድምፆች መካከል የእኛዎቹ «ጵ»፣ «ጥ» እና «ቅ» ይገኛሉ። ለእንግሊዝኛ ጆሮ የሌላ ፕላኔት የሆነው ድምፅ ለእኛ የጠላና የቂጣ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድነትን ለማሰማት በላቲን ፊደል በሚጻፉ የምናብ ስሞች መካከል የሚገባውን ጭረት ከመኮረጅ ይልቅ፣ አንድ ሕዝብ እነዚህን ፈንጂ ድምፆች ጨርሶ የሌሉት አድርጎ መሣል ይሻላል። ስሞቻቸው ውስጥ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» የማይገኙባቸው ሰዎች፣ አንባቢው ለምን እንደሆነ ሳያውቀው እንኳ፣ ከሌላ ቦታ የመጡ ይመስሉታል።

የቦታ ስሞችን በአንድ ቀን ማውጣት

የአንድ አገር ስሞች በሙሉ ከአንድ ቋንቋ ሲወጡ ካርታው ትናንት ማታ የተሠራ ይመስላል። አዲስ አበባን ያስቡ። ጉለሌ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ የከተማዋ ስም አማርኛ ነው፤ ፒያሳና መርካቶ ጣሊያንኛ ናቸው፤ ካዛንቺስ ደግሞ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረ ድርጅት ምሕፃረ ስም ያለበት መጠሪያ ነው። ወረራው የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበር፤ ታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ ይጣራል። በእርስዎ ከተማም የተባረረው ወራሪ ቢያንስ አንድ የገበያ ስም ትቶ ይሂድ።

የነገሥታት ስምም እንዲሁ ፖለቲካ ነው። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተጠሩበት «ኃይለ ሥላሴ» በግዕዝ አገባብ የተዋቀረ ስም ነው፤ የዙፋን ስም ከዕለት ንግግር ከፍ ካለ ቋንቋ ይወሰዳል። በቶልኪን ዓለም የኑሜኖር ነገሥታት የዙፋን ስማቸውን ኤልፎች በሚባሉት የማይሞቱ ፍጡራን ቋንቋ በኩዌንያ ይይዙ ነበር፤ ከኤልፎች ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ሲሻክር አር-አዱናኮር የሚባለው ንጉሥ በገዛ ሕዝቡ ቋንቋ በአዱናይክ ስም በትረ መንግሥቱን ያዘ። ጦርነት ከመታወጁ በፊት የስሙ ቋንቋ ብቻ የመንግሥቱን አቋም ተናገረ።

አንተንና እርስዎን ሳይወስኑ መጻፍ

በእኔ እምነት የአማርኛ ጸሐፊ ከማንም በላይ የታደለበት፣ ግን አብዝቶ የሚያባክነው ሀብት ይህ ነው። በረቂቆች ውስጥ እረኛው ንጉሡን በአንድ ገጽ «አንተ» በሌላው ገጽ «እርስዎ» ይለዋል፤ ደራሲው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ፊልም በጆሮው እየሰማ ስለሚጽፍ ልዩነቱ አይታወቀውም።

ቶልኪን በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የ«ቀለበቶቹ ጌታ» የመጨረሻ ክፍል አባሪ ላይ አንድ ድንቅ ነገር ይነግረናል። ዌስትሮን እንደ አማርኛ የአክብሮትና የቅርበት አጠራር ነበረው፤ ሆቢት በሚባሉት አጫጭር ሰዎች አገር ግን የአክብሮቱ አጠራር ከዕለት ንግግር ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ፒፒን የተባለው ወጣት ሆቢት ወደ ታላቂቱ ከተማ ሚናስ ቲሪት በገባ ጊዜ የአገሩን ገዥ ሽማግሌውን ዴነቶርን ሳይቀር «አንተ» ይል ነበር፤ አሽከሮቹ ተደነቁ፤ በከተማውም ይህ እንግዳ በአገሩ እጅግ ከፍ ያለ መስፍን ነው የሚለው ወሬ በዚሁ ምክንያት በረታ። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ከዕለት ንግግሩ ያጣ በመሆኑ ደራሲው በአባሪ ሊያስረዳው ተገደደ። እኛ ግን ወጣቱ «ተቀመጥ እንጂ» ሲል፣ ከበሩ አጠገብ የቆመው አሽከር የያዘው ብርሌ በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ማሳየት ብቻ ይበቃናል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ማን ማንን «አንቺ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እንደሚል በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ታሪኩ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ፣ ሆን ብለው ይስበሩት።

ስብርባሪ ንግግርን ከስብርባሪ አእምሮ ጋር ማምታታት

የዱር ሰዎች፣ የተራራ ሰዎች፣ የበረሃ ሰዎች በብዙ ረቂቅ ውስጥ «እኔ ሂድ፣ አንተ ቆይ» እያሉ ይናገራሉ። በሌላ ሰው ቋንቋ መሰናከል በባዕድ አገር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ቃል አጥታ የምትንተባተብ እናት በቤቷ ቅኔ አዋቂ ልትሆን ትችላለች። ጋን-ቡሪ-ጋን የተባለው የቶልኪን የዱር ሰው የጋራውን ቋንቋ እየሰበረ ይናገራል፤ ሆኖም ስድስት ሺህ የሚሆነውን የሮሃንን ሠራዊት በሃያ በሃያ እየቆጠረ በትክክል ያስታውቃል፤ የጠላትንም ብዛት የሚያውቀው እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከወገኖቹ ጋር ሲነጋገር የሚሰማበትን ትዕይንት ይጻፉለት፤ እዚያ ንግግሩ የተሟላና ያማረ ይሁን።

ለጠላት ወገን የእውነተኛ ሕዝብ አንደበት መስጠት

ይህን ስህተት ከሁሉ አብልጬ እፈራዋለሁ። ጸሐፊው ለጨካኞቹ ወራሪዎች ስም ሲያጣ ከጎረቤት ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ይወስዳል፤ ወይም የአንድን አካባቢ ዘዬ ለሌባና ለከዳተኛ ብቻ ይሰጣል። ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ውስጥ ያ ቃል የእናቱ ቃል የሆነ ልጅ መጽሐፉን ይከፍታል። ክፉውን ወገን ለመሰየም ቃል ሲያጡ ይፍጠሩ እንጂ አይውሰዱ፤ ለፈጠሩትም ሕዝብ ከጦርና ከእሳት በቀር ሌሎች ቃላት ይስጡት።

አንድ ወጣት ጸሐፊ የወራሪዎቹን ቋንቋ መዝገብ አሳይቶኝ ነበር፤ አርባ ገደማ ቃላት ነበሩት፤ ሁሉም መግደል፣ ማቃጠልና መማረክ የሚሉ ነበሩ። እናቶቻቸው ሲመሽ ከደጅ ልጆቻቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠየቅሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ኡሚላ» የሚል አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተማረከው የጠላት ወታደር ቆስሎ ተኝቶ ሳለ በእንቅልፍ ልቡ ያወጣዋል፤ ጠባቂው ትርጉሙን አያውቀውም፤ ግን ተነሥቶ ውሃ ይሰጠዋል።