ሐረር ዙሪያ ቁራሽ መሬት ለደረሳችሁ፦ ሰኔን የሚሻገር ዘር እንዴት ይመረጣል

ድሬዳዋና ሐረር መካከል ሚኒባስ ስነዳ 22 ዓመት ኖሬያለሁ። ያን ሁሉ ዘመን እርሻን የማውቀው በመስኮት ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ሐረማያን አለፍ ብሎ ግማሽ ሄክታር መሬት ከእናቷ ወረሰች። መሪ የያዘ እጅ ዶማ አያቅተውም ብዬ ዘው አልኩ። አቦ! በመጀመሪያው ዓመት ዘሩንም ጉልበቴንም በአንድ ሰኔ በላሁት። ይህን የምጽፈው እንደኔ ከተማ ቁጭ ብላችሁ መሬት ለደረሳችሁ ነው።

መጀመሪያ ከፍታችሁን እወቁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ትጠጋላችሁ። ሐረር ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ ባቢሌ ደግሞ ከዚያም ወርዳ ትሞቃለች። ዳገቱ ላይ ተሳፋሪ «መስኮት ዝጉ» ማለት የሚጀምርበት ቦታ አለ። ሰብሉም የሚለወጠው እዚያው አካባቢ ነው። ታች ድሬ ዙሪያ ውሃ ባለበት ማንጎ፣ ፓፓያና ሎሚ ታያላችሁ። ውሃ ከሌለ ግን ብዙ አትመኙ። ዳገቱ ላይ በድንጋይ እርከን የተያዘ ማሽላ አለ። ላይ ስትወጡ ጫት በረድፍ፣ በረድፎቹ መሃል ማሽላ፣ ውሃ ባለበት ድንችና ሽንኩርት። ባቢሌ ለውዝ ነው። ስለዚህ ድሬ ያለ ጓደኛችሁ የተሳካለትን ዘር ሐረማያ ይዛችሁ አትሂዱ። ብርዱ ላይ እድገቱ ይጎተታል።

ቀጥሎ ዝናቡ። እዚህ ሁለት ጊዜ ይዘንባል። በልጉ መጋቢት ላይ ይጀምርና ሚያዝያ ላይ ይበረታል። ከዚያ ግንቦት ማለቂያና ሰኔ ላይ ይሳሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሐምሌ ላይ ክረምቱ ይገባል፣ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩን ህንዳዊ ነበሩ። በአገራቸው ሞንሱን የሚባለው ዝናብ በግንቦት መጨረሻ ደቡብ ጫፍ ላይ ኬረላ ይገባል። በዚያ ዝናብ ሩዝ፣ ጥጥና በቆሎ ይዘራል፤ ካሪፍ ይሉታል። ዝናቡ ሲወጣ በቀረው እርጥበትና በመስኖ ስንዴና ሽምብራ ይዘራሉ፤ እሱ ራቢ ነው። በመሃሉ ባለው የሙቀት ወቅት ሐብሐብ ያበቅላሉ፤ ዛይድ። ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩት። የገባኝ ከ40 ዓመት በኋላ ማሳ ላይ ቆሜ ነው፤ የእነሱ ዝናብ በሚገባበት ሰሞን የእኛው ዝናብ እረፍት ይወጣል። እኛ ጋ ሰብል የሚመረጠው በዚህ ክፍተት ነው።

የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት መኪናዬን ለረዳቴ ዘመድ ሰጥቼ ወደ ማሳ ወጣሁ። ሰው ቀጥሬ ግማሽ ሄክታሩን በሙሉ በአንድ ቀን በቆሎ ዘራሁ። ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ ድንበሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ኦቦ ሹፌር፣ ይሄ እኮ ሰላም ሊል የመጣ ነው፤ ገና አልገባም» አሉኝ። ሳቅሁ። በቆሎው በቀለ፣ አማረ፣ ፎቶ አነሳሁት። ጺም ማውጣት የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። በቆሎ ደግሞ ከዕድሜው ሁሉ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገው በዚያ ሰሞን ነው። ጠብ አላለለትም። በኋላ እሸቱን ስልጠው ፍሬው እዚህም እዚያም ነው፤ ጥርሱ የረገፈ ሰው ይመስላል።

የሳቸው ማሽላ ያን ጊዜ ጉልበት ያህል ነበር። ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ ቆሟል። «የሳቸውም አለቀለት» ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ሐምሌ ሲዘንብ ተፈታ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የማላውቀው ሰብል ሆነ። ማሽላ ሲጠማ እድገቱን ያቆምና ይጠብቃል፤ በቆሎ ግን አይጠብቅም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ዘር አታውጡ፤ ዶማ አውጡ። ማሳው ላይ ሦስት አራት ቦታ ቆፍሩ። ከአንድ ስንዝር በታች ያለውን አፈር ጨብጡት። ተጨብጦ ከቀረ መሬቱ ጠጥቷል። ከተበተነ ላዩ ብቻ ነው የራሰው። ደግሞም ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን አትጨርሱ። ድጋሚ መዝራት እዚህ የተለመደ ነው፤ ቢያንስ ሲሶውን ጎተራ አቆዩ።

አብዛኛውን መሬት ለአገሬው ማሽላ ስጡት። ሙይራ፣ ፈንዲሻ ይሉታል። ፈንዲሻ ሲሏችሁ ቡና ላይ የሚቀርበው እንዳይመስላችሁ። እነዚህ ሚያዝያ ላይ ተዘርተው ኅዳርና ታኅሣሥ የሚታጨዱ፣ ረጅምና ታጋሽ ዘሮች ናቸው። በመሃሉ ቦሎቄ ጣል አድርጉ፤ ሦስት ወር ገደማ ስለሚበቃው ማሽላው ከመድረሱ በፊት ወጥ ይሆናችኋል። ማሽላውን ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩት። አባካኝነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየጊዜው እያሳሱ የሚነቅሉት ለከብት መኖ ነው። ያ የሚወራለት የሐረር ሰንጋ በረት ታስሮ የሚሰባው እንዲህ እየታጨደ በሚመጣለት ነው።

ግንቦት አልፎ ያልበቀለ ቦታ ካለ ረጅሙን ማሽላ እርሱት፤ ጊዜ አይበቃውም። አራት ወር ገደማ የሚፈጁ የተሻሻሉ ዘሮች አሉ፣ «መልካም» የሚል ስም ያለው አንዱ ነው። ከፍታችሁን ተናግራችሁ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ እነዚህ ዘሮች ይበልጥ የሚስማሙት ቆላ ቀመስ መሬት ነው። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጥግ ጥጉን የስኳር ድንች ሐረግ ትከሉ። እህሉ ቢጎድል እሱ ያደርሳችኋል።

ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ አረም ማሽላው ሥር ካያችሁ አትዘኑላት። አቀንጭራ ናት። ከማሽላው ሥር ተጣብቃ ትጠባዋለች። ዘሯ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ አበባዋ ዘር ሳይቋጥር ንቀሉ። የባሰበትን ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ለውዝ ወይም ቦሎቄ ዝሩበት፣ እነሱን አትይዝም።

መሬታችሁ ወደ ባቢሌ ከሆነና አሸዋማ ከሆነ ለውዙ ያዋጣል። ቢጫዋ አበባ ከረገፈች በኋላ ከነበረችበት ቦታ ቀጭን ሹል ይወጣና አፈር ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው የሚያዘው እዚያ ነው። ጠጣር ወይም ጭቃ መሬት ላይ ሹሉ አይገባም፣ ያኔ ልፋቱ ቅጠል ብቻ ነው። መድረሱን ለማወቅ አንዱን ነቅላችሁ ልጡት። የቅርፊቱ ውስጥ ነጭ ከሆነ ተዉት፤ ጠቆር ካለ ደርሷል። ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ሻጋታው መርዝ አለው፣ ታጥቦም አይለቅም።

ጫት? ጎረቤት ሁሉ ይመክራችኋል። በበጋ ዋጋው ስለሚወጣ ያጓጓል። ግን በበጋ የሚቆረጠው ውሃ ያለው ነው፤ ፓምፕ፣ ነዳጅ፣ ጉድጓድ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ በየቀኑ አጠገቡ አልፍ ነበር። በኋላ ውሃው ተመልሷል፣ እኔ ግን ያን ስንጥቅጥቅ መሬት ስላየሁ በፓምፕ ላይ ኑሮዬን አልጥልም። ሁለት ረድፍ ብቻ አለኝ፣ እንግዳ ሲመጣ።

ጥቅምት ላይ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ወፍ ይመጣል። በወንጭፍና በጩኸት መጠበቅ ነው፣ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። ልጆቹ ግን ከወፍ ይብሳሉ፤ ጣፋጩን አገዳ ጥንቅሽን ፍለጋ ማሳውን አቋርጠው ይገባሉ። ሽማግሌው ያሳዩኝን አሁን እኔም አደርጋለሁ። በእግር መንገዱ በኩል አንድ ረድፍ ጥንቅሽ እዘራለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያው ቆመው ይልጡና ያኝኩታል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ የለም።